መያዣው የሞተበት ቀን

«ተኝተሽ ነው?» አለች ዞኒ፣ ከጋሪው ወርዳ የቀሚሷን አቧራ እያራገፈች።

ግሌናባ አልተኛችም። ቀዩን ትልቅ የሱፍ ሻርፗን ከአናቷ እስከ አገጯ ስባ፣ ፊቷን ከሱቁ ወደ ደረቁ ወንዝ አዙራ፣ ጋሪው ላይ እንደ ዱቄት ጆንያ ተቀምጣለች።

«ባለ እርሳሱን ፈርተሽ ነው አይደል? ሰው እኮ ነው፣ አይነክስም።»

«ማን ፈራው?»

«ጉልበትሽ ነው? ነይ እጄን ያዢ።»

«ጉልበቴ ደህና ነው።»

«እንግዲያው አኩርፈሽኝ ነው። መንገድ ላይ ምንጣፍሽ በአንድ በኩል ጠበብ ብሏል ስላልኩሽ። ታላቄ፣ ቀልዴን እኮ ነው፤ ሰው አያስተውለውም።»

«ዞኒ፣» አለች ግሌናባ ከሻርፑ ሥር፣ «ዓይን ካለሽ ከፈረሶቹ ወዲያ ያለውን እዪ።»

ዞኒ ዞር ብላ አየች። ሱቁ በራፍ ላይ አንዲት አረንጓዴ ፒካፕ ቆማለች። የግራ በሯ ሰማያዊ ነው፤ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ። በዚያ አገር እንደዚያ ያለች ሌላ ፒካፕ የለችም።

«አሃ፣» አለች ዞኒ። «አማችሽ።»

«አማቼ፣» አለች ግሌናባ ይበልጥ እየተሸፈነች።

በናቫሆ ልማድ አማትና አማች እንግዲህ አይተያዩም። ጠብ ኖሮ አይደለም፤ መከባበር ነው። ግሌናባ ልጇን ኤሉዊዝን ለሆስኪ ከዳረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከእሱ አምስት የልጅ ልጅ አይታለች፤ የራሱን ፊት ግን አንድ ቀን አላየችም። ቤታቸው ከቤቷ ቢርቅ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሳሉን ታውቃለች። እንጨት ሲፈልጥ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ታውቃለች። ጠዋት ወደ በረቱ ሲሄድ «እህ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሷም ከቤት ስትወጣ ውሻዋን ያለ ጥፋቱ ትቆጣለች፤ በዚህ ዓይነት ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። አማቱን ያየ፣ አማቿን ያየች፣ ዓይናቸው ይጠፋል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ግሌናባ ለመሞከር የምትቸኩል ሴት አልነበረችም።

«ታዲያ እስኪወጣ እዚሁ ልትቀመጪ ነው?»

«ሱቅ ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። ይወጣል።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ።»

ረቡዕ መሆኑንማ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ባለፈው መኸር በጎቿ በበሽታ ሲያልቁባት፣ ለክረምቱ ዱቄትና ቡና ብላ የእናቷን ሐብል አስያዘች። አምስት ዙር ሰማያዊ ድንጋይ ነው፣ በየመካከሉ ነጭ ዛጎል የገባበት። የሞተ ሰው ዕቃ አይነካም፣ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ይህን ግን እናቷ በሕይወት ሳለች ከአንገቷ አውልቃ በገዛ እጇ ነው ያጠለቀችላት። ግሌናባ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ፣ አራት ማለዳ ወደ ፀሐይ መውጫ ስትሮጥ፣ ያ ሐብል ደረቷ ላይ ይዘል ነበር። ኤሉዊዝም ሮጣበታለች። አሁን ደግሞ የኤሉዊዝ የመጀመሪያ ልጅ ቬርና ደርሳለች፤ ከነገ ወዲያ ኪናልዳዋ፣ ሴት የምትሆንበት ሥርዓት፣ ይጀመራል። በቆሎው እየተፈጨ ነው፤ ዜማ የሚያወጡት ሽማግሌ ተጠርተዋል፤ ዘመድ ሁሉ ተነግሮታል። በእነዚያ አራት ቀናት የልጅ አካል እንደ ሊጥ ነው፤ የነካት፣ የለበሰችው ሁሉ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። ግሌናባ የልጅ ልጇ አንገቷ ባዶ ሆኖ ስትሮጥ ማየት አልፈለገችም።

ሐብል ማስያዝ ድሮ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ቀይ ጢም የሚሉት የቀድሞው ባለ ሱቅ ሳለ፣ መያዣ ማለት ጎረቤት ቤት ዕቃ ማስቀመጥ እንደ ማለት ነበር። ከእሳትም ከሌባም ይጠበቅልሻል። ሥርዓት ሲኖር መጥተሽ ትወስጃለሽ፣ ለብሰሽ ትመልሻለሽ፤ የተሰጠሽን ወረቀት የሚጠይቅሽ የለም። ቀይ ጢም የእያንዳንዱን ሐብል ባለቤት ከነእናቷ ያውቃል። በዚህ በጋ ግን ታሞ ወደ ልጆቹ ሄደ። የተተካው የወንድሙ ልጅ ነው፤ እርሳስ ከጆሮው ስለማይለይ ባለ እርሳሱ ተባለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰው አያውቅም እንጂ። ለእሱ አሮጊት ሁሉ ሻርፕ የለበሰች አሮጊት ናት። መጥቶ ገና ወር ሳይሞላው ጊዜ ያለፈበትን መያዣ ሁሉ ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ በአንድ ትሪ ላይ ደረደረና፣ ረቡዕ ከሰዓት ከጋላፕ ከተማ ነጋዴ ይመጣል፣ እስከዚያ ያላስወጣ መያዣው ሞተበት ብሎ አስነገረ። የሞተ መያዣ ይሸጣል።

ግሌናባ በጋውን በሙሉ የሸመነችው ምንጣፍ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው ያለቀው። ከሽመናው እንጨት ላይ ቆርጣ፣ በዱቄት ከረጢት ጠቅልላ፣ ለልጇ እንኳ ሳትናገር በዞኒ ጋሪ ተሳፈረች።

ዞኒ ሱቅ ገብታ ቆየች። ስትመለስ የብርቱካን ለስላሳ በእጇ ይዛለች።

«ውስጥ የለም።»

«ፒካፑ አለ።»

«ፒካፑ አለ፣ ሰውዬው የለም። ሦስተኛ ተራ ላይ ቆሞ ነበር አሉኝ። በመስኮት አንድ ነገር ያይና ቆቡን ዝቅ አድርጎ በጓሮ በር ውልቅ። ምን እንዳየ ልንገርሽ?»

«አውቄዋለሁ።»

«ቀይ ሻርፕ።»

«አውቄዋለሁ አልኩሽ።»

«እንግዲህ ቦታውን ለቆልሻል። ግቢያ።»

«መኪናውን ጥሎ የት ይሄዳል? ይመለሳል። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ በጓሮ በር ብቅ ቢልስ? የአምስት ልጆች አባት ነው፣ ዓይኑ ያስፈልገዋል።»

«የአንቺስ ዓይን?»

«የእኔማ በሽመና አልቋል። ለስላሳውን አቀብዪኝ።»

ሆስኪ በዚያን ሰዓት ከሱቁ ጀርባ፣ ከሱፉ መጋዘን ወዲያ፣ ጥላ በሌለበት በኩል ቁጢጥ ብሎ ነበር። ይህን ግሌናባ የሰማችው በኋላ ነው። ከባቡር ሐዲድ ሥራ የተመለሰው ትናንት ማታ ነው፤ ከኮሪያ ይዞት የመጣው የወታደር ጃኬት ኪስ ውስጥ የሁለት ወር ደመወዙና የአማቱ የመያዣ ካርኒ አሉ። ካርኒውን የሰጠችው ሚስቱ ናት። ኤሉዊዝ የእናቷ ምንጣፍ ለረቡዕ አይደርስም ብላ ሰግታ፣ ከእናቷ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አውጥታ፣ «ሂድና ዝም ብለህ አምጣው፣ ስትነቃ አንገቷ ሥር ታገኘው» ብላ ሰደደችው። እሱም አማቱን ሊያስደስት በጠዋት ተነስቶ መጣ፤ አማቱን ሲያይ ደግሞ እግሬ አውጭኝ አለ። ፒካፑን አስነስቶ እንዳይሄድ ጋሪው አጠገቧ ቆሟል። ተመልሶ እንዳይገባ እሷ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ እሷ እሱ እስኪሄድ፣ እሱ እሷ እስክትሄድ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው አንድ ሱቅና አንድ የሱፍ መጋዘን አለ። የዚያን ቀን በዚያ አገር ከእነዚህ ሁለቱ የበለጠ የተከባበረ ሰው አልነበረም።

እንዲህ እንደተከባበሩ ፀሐይ ከአናት ዘንበል አለች። ነፋስ ተነሳ። ከሰሜን ካለው አምባ በላይ ደመና እየጠቆረ ነበር። አንድ ነጭ መኪና አቧራ እያስነሳ መጥቶ ከፒካፑ ጎን ቆመ፤ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ሰው ባዶ ሻንጣ ይዞ ወረደ።

«የጋላፑ ሰውዬ፣» አለች ዞኒ።

ግሌናባ ያን ጊዜ ማንም ሳይደግፋት ወረደች።

ሱቅ ስትገባ ቀና አላለችም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የቆሙትን ሰዎች ጫማ አንድ በአንድ እያየች አለፈች። የአማቿን ቦት ጫማ ታውቀዋለች፤ ማታ ማታ በራፉ ላይ ይቀመጣል። እዚያ አልነበረም። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ነው ቀና ያለችው። ትሪው እዚያው ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። የጋላፑ ሰውዬ የብር ቀበቶ አንስቶ በእጁ ይመዝናል። ሐብሏ ከትሪው ጥግ ተጠምጥሞ ተኝቷል።

«እናቴ፣ ምን ፈለግሽ?» አለ ባለ እርሳሱ። ናቫሆኛው የአራት ዓመት ልጅ ናቫሆኛ ነው፤ ጥቂት ስለሚናገር ግን ብዙ አይሳሳትም።

ግሌናባ ከረጢቱን ፈታ ምንጣፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ባለ እርሳሱ ለካው፣ ገለበጠው፣ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰው። ጠበብ ያለውን በኩል አስተዋለና ምንም አላለም።

«ጥሩ ሥራ ነው። ለሐብሉ ይበቃል፣ ይተርፋል። ካርኒውስ?»

«የምን ካርኒ?»

«የመያዣው። ቁጥር ያለበት ወረቀት።»

«ቁጥሩን ምን ታደርገዋለህ? ሐብሉ ያውና። እኔም ይኸው አለሁ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

እዚያ ባንኮኒ ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ግሌናባ እንደሚገባው መለሰችለት፤ የእናቷን ጎሳ፣ የአባቷን ጎሳ፣ የሁለቱንም አያቶቿን ጎሳ ተናገረች፤ በመጨረሻ ስሟን። በየመደርደሪያው ተደግፈው የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም በአባቷ በኩል ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ባለ እርሳሱም እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «እሺ፣» አለ። «ካርኒውስ?»

«ልጄ፣ እሷ ናት፣» አለ ሽማግሌው። «እኔ እመሰክራለሁ።»

«ባለፈው ወር ለአንድ ቀበቶ ሦስት ሰው መሰከረልኝና ሰጠሁ። በማግስቱ አራተኛው ካርኒ ይዞ መጣ። ከኪሴ ከፈልኩ።» ባለ እርሳሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ መለሰው። «ደግሞም የዚህ ሐብል ካርኒ ዛሬ መጥቷል። አይቼዋለሁ። ጥቁር ቆብ፣ የወታደር ጃኬት። ከሩቅ አሳየኝ፣ ሐብሉን በአገጩ ጠቆመኝ፤ ተራህን ጠብቅ አልኩት። ቀና ስል የለም።»

አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል አደረገው።

ግሌናባ ነገሩ ገባት። የሁለት ወር ደመወዝ። የልጆቹ ጫማ ገንዘብ። «ዞኒ፣» አለች፣ «ከጓሮ ፈልጊው። ካርኒውን ብቻ ይስጥሽ።»

ዞኒ በሩን ስትከፍት ነፋሱ አቧራውን ፊቷ ላይ በተነባት። «በዚህ አቧራ ውስጥ ራሴን ሳልሸፍን? ሻርፕሽን ወዲህ በዪ።» ከግሌናባ ትከሻ ላይ ስባ ወሰደችውና ከአናቷ እስከ ወገቧ ተጠቀለለች። ግሌናባ ልብ አላለችም፤ ዓይኗ ትሪው ላይ ነበር።

ወንዶቹ ወደ ጓሮው መስኮት ተጠጉ። እሷ ግን ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ፊቷን መደርደሪያው ላይ ወዳሉት የታሸገ የኮክ ፍሬ ቆርቆሮዎች አዙራ ቆመች። ማየት አትችልማ።

«መጋዘኑን ዞረች፣» አለ ሽማግሌው።

«አለ?»

«አለ፣ አለ። ከአጥሩ ሥር ነው። አያትና… ተነሳ።»

«እሰይ።»

«አሁን… እ።»

«ምን ሆነ?»

«ይሮጣል።»

«ወደ እሷ?»

«ወደ እሷስ አይደለም።»

አንድ ጎረምሳ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የአምስት ልጆች አባት፣ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው፣ ቆቡን በእጁ ይዞ እንደ ጥንቸል እየዘለለ ሽቅብ ይሮጣል፤ ዞኒም ቀሚሷን ሰብስባ እየጮኸች ትከተለዋለች፤ በጮኸች ቁጥር ይብሱን ይፈጥናል። ነፋሱ ድምጿን ወደ ሱቁ ነው የሚያመጣው።

«ለምንድን ነው የሚሮጠው?» አለች ግሌናባ ለኮክ ቆርቆሮዎቹ።

ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ። ማንም ሊነግራት አልፈለገም። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ «ሻርፕሽን ለብሳለች እኮ፣ የወንድሜ ልጅ፣» አላት።

ግሌናባ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፤ የነካችው ፀጉሯን ነው።

የጋላፑ ሰውዬ ቀበቶውንና አምባሮቹን ሻንጣው ውስጥ አስገብቶ፣ በመስኮት ወደ ደመናው አይቶ፣ ለባለ እርሳሱ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለው። ባለ እርሳሱም መለሰለት። ያወሩት ምን እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም፤ አንዱ ሳይሞላ ሊሻገረው የሚፈልገውን ወንዝ ያሳያል፣ ሌላው አሥሩን ጣቶቹን። ሰውዬው ሰዓቱን አየና ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ መጠበቁን ማንም አይክደውም። እንዲያውም ሲጋራ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጠው።

«የት ደረሱ?» አለች ግሌናባ።

«እሱ ኮረብታው ላይ ወጥቷል። እሷ ተቀምጣለች።»

«ለምን ተቀመጠች?»

«እንጃ። ደክሟት ይሆናል። ወፍራም ናት እኮ።»

«ሻርፑን ታውልቀው።»

«ከዚህ ሆኜ እንዴት ልንገራት?»

አንዱ ጎረምሳ ሊነግራት ወጣ። የጋላፑ ሰውዬም ተነሳ። ሐብሉን ከትሪው ላይ አነሳው። ሲያነሳው አምስቱ ዙር ተፈታና ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ፤ ይህን ድምፅ ግሌናባ በማለዳ ስትሮጥ ደረቷ ላይ ነበር የምትሰማው። ሰውዬው ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው። ደስ ብሎታል፤ ፊቱ ያስታውቃል። አሮጊቷ ስታየው አይቶ፣ የሐብሉ ባለቤት መሆኗን ሳያውቅ፣ በጨዋነት ሐብሉን ወደ እሷ ዘረጋላት፤ ቆንጆ አይደለም ወይ እንደማለት።

ግሌናባ እጇን አነሳች። አንዱን ዛጎል በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ቤት ያለ ይመስል አጽድታ፣ ለቀቀችው።

ሰውዬው ሐብሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከቀበቶው ሥር አስቀመጠው። ገንዘቡን ለባለ እርሳሱ ከፈለ፣ ቆቡን ነካ አድርጎ ለሁሉም ተሰናበተ፣ ወጣ። የነጩ መኪና ድምፅ ሲርቅ ግሌናባ ቆማ ምንጣፏን ጠቀለለች። ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀስ ብላ።

ብዙም ሳይቆይ የጓሮው በር ተንኳኳ። ሽማግሌው፣ «ፊትሽን አዙሪ፣» አላት፤ ሳይላትም ዞራለች። ዞኒ ራሷን ገልጣ፣ ሻርፑን በብብቷ ይዛ፣ እያለከለከች ገባች። ሆስኪ ከበሩ ውጭ ቀረ። እጁ ብቻ ገባ፤ በእጁ ላይ በላብ የራሰች ካርኒና ገንዘብ አለ።

«ሄዷል፣» አለው ባለ እርሳሱ።

እጁ ወደ ውጭ ተመለሰ። ሩጫ ተሰማ፣ ፒካፑ ተነሳች፣ ያ ሰማያዊ በር ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ አንድ ጊዜ አይዘጋም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ዝናቡ እዚህ ጠብ አላለም፤ አምባው ላይ ግን ዘንቧል፤ ያ ደግሞ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፒካፑ ተመለሰች። ሆስኪ ከጓሮው በር ውጭ፣ ከግድግዳው ጀርባ ቆመ። ግሌናባ በውስጥ በኩል የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸው አንድ የሳንቃ ግድግዳና ዞኒ አሉ።

«ወንዙ ሞልቷል በያቸው፣» አለ ሆስኪ። «ነጩን መኪና ከማዶ አይቼዋለሁ። ውሃው እስከ ደረት ነው። ልገባ ነበር በያቸው።»

«ወንዙ ሞልቷል…» ብላ ጀመረች ዞኒ።

«ሰምቻለሁ፣» አለች ግሌናባ። «ባለመግባቱ ደግ አደረገ በዪው። ልጆች አሉት።»

«ደግ አደረግህ ትላለች።»

ሆስኪ እንደ ማለዳው «እህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥፋቱ የእኔ ነው በያቸው። ካርኒዋን ባንኮኒው ላይ ጥዬ መሄድ እችል ነበር። አልታየኝም። የታየኝ እሳቸውን እንዳላሳፍር ብቻ ነው።»

«በዪው፣» አለች ግሌናባ፣ «ሦስት ሰዓት ጋሪ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።» ደግሞም፣ «ለልጆቹ ጫማ ይግዛ በዪው። ለሐብሉ ብሎ መምጣቱን ለልጄ እነግራታለሁ።»

ዞኒ ይህን ልታስተላልፍ ወደ በሩ ዞረች። ሆስኪም መልእክቱን አልጠበቀም፤ ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ስለነበር ሰምቶታል። እርምጃው እየራቀ ሄደ።

ባለ እርሳሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ከሒሳብ መጽሐፉ አንዱን ገጽ እየደጋገመ ሲያነብ ነበር። አሁን መጽሐፉን ዘጋ። ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ፤ መሳቢያ ሲከፍትና ሲዘጋ ተሰማ። ሲመለስ በሁለት እጁ አንድ ሐብል ይዟል፤ የመያዣ ወረቀቷ ተንጠልጥላበታለች።

«እናቴ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለልጅቷ ሥርዓት ነው አሉኝ። ይህን ለአራት ቀን ውሰጂው። ገንዘብ አልጠይቅም። ካርኒም አልጠይቅም።»

ይህን ለማለት ብዙ እንደጨነቀው ግሌናባ አየች። ሰውዬው ከልቡ ነው። ሐብሉን ከእጁ ተቀበለችና ጭኗ ላይ አደረገችው። አራት ዙር ነው። ከመካከሉ አንዱ ዛጎል ጠርዙ ተሸርፏል፤ ያ ዛጎል ሲሸረፍ እሷም ነበረች። እሷና ዞኒ ልጆች ሳሉ፣ በግ ሲጠብቁ፣ ከድንጋይ ላይ ሲዘሉ ነው የተሸረፈው። የዞኒ አባት በአንድ ላም ከጎረቤት የዙኒ ሰዎች የገዛላት ነው። ዞኒ ከፀደይ ጀምሮ፣ ክሩ ላልቶብኝ ነው፣ ቤት አስቀምጬዋለሁ፣ ስትል ነበር።

ግሌናባ ቀና ብላ አላየችም። ከጎኗ የቆመችው ሴት ትንፋሿን እንደያዘች ግን ይሰማታል።

«ይህ የሰው ነው፣» አለች።

«የሰው ነው። ገና አልሞተም፣ ስድስት ወር ይቀረዋል፤ አልሸጠውም።» ባለ እርሳሱ የወረቀቷን ቁጥር በእጁ ሸፈነ። «ያው ሰማያዊ ድንጋይ፣ ያው ዛጎል አይደል? ለአራት ቀን እኮ ነው። ባለቤቷ የት ትሰማለች?»

«ሰማች፣» አለች ዞኒ።